ሩት የማይታወቅበት ቤት

በሃዱፕ ክላስተር ላይ የሠራ ሰው አንድ ቀን ይህን መልእክት ማየቱ አይቀርም፦ «ፐርሚሽን ዲናይድ፦ ዩዘር ሩት፣ አክሰስ ራይት፣ አይኖድ /ዩዘር፣ ኤችዲኤፍኤስ፣ ሱፐርግሩፕ»። ከኋላው አሥር ፊደላትና ሰረዞች ይከተላሉ፤ በአኃዝ ሲጠቃለሉ 755 ናቸው። ወደ ሰው ወግ ስንመልሰው እንዲህ ማለቱ ነው፦ የመጣው ሩት ነኝ የሚል ነው፤ የፈለገው መጻፍ ነው፤ ሊጽፍ ያሰበው /ዩዘር የሚባለው ማህደር ውስጥ ነው፤ የማህደሩ ባለቤት ኤችዲኤፍኤስ የተባለ ተጠቃሚ፣ ቡድኑም ሱፐርግሩፕ ነው፤ ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይገባል፤ የቀረው ሰው ያነባል፣ ይገባል፣ አይጽፍም። ስለዚህ አይሆንም።

ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ ይናደዳል። ሩት እኮ በሊኑክስ ማሽን ላይ የማይከፈትለት ፋይል የሌለ፣ ያሻውን የሚያጠፋ፣ ያሻውን የሚሾምና የሚሽር አካውንት ነው። እሱን ማን ከልክሎት ያውቃል? ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ክላስተሩ ተበላሽቷል የሚል ነው። ክላስተሩ ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም ያን ሰዓት ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው።

ኤችዲኤፍኤስ የተጠቃሚ ስም ብቻ አይደለም፤ ክላስተር ተብለው በተያያዙ ብዙ ማሽኖች ላይ የተዘረጋው የሃዱፕ የፋይል ሥርዓትም ስም ነው። መነሻው ጎግል እ.ኤ.አ. በ2003 ስለራሱ የፋይል ሥርዓት ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ ደግ ከቲንግና ማይክ ካፋሬላ ያንን ሐሳብ ይዘው የገነቡት ሥራ በ2006 ሃዱፕ ተባለ። ስሙ የከቲንግ ትንሽ ልጅ ቢጫ የአሻንጉሊት ዝሆን ስም ነው። ለዚህ ሥርዓት የበላይ ተጠቃሚ ማለት ሩት አይደለም። የበላዩ ኔምኖድ የሚባለውን ዋና ፕሮግራም ያስነሳው አካውንት ነው። ፕሮግራሙን ያስነሳው ኤችዲኤፍኤስ የተባለው አካውንት ከሆነ ጌታው እሱ ነው፤ ነገ ቆሞ በሌላ ስም ቢነሳ ጌትነቱ ወደዚያ ስም ይሄዳል። ሹመቱ በየትኛውም ፋይል ላይ አልሰፈረም። ቤቱን የከፈተ የቤቱ ጌታ ነው፤ ዳግም ሲከፈት ዳግም ይወሰናል።

ለነገሩ ሩት ምስኪን አይደለም። ኔምኖዱ በሚሠራበት ማሽን ላይ ከሆነ ሱዶ ብሎ በአንድ መስመር ትእዛዝ ኤችዲኤፍኤስን መሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በር ይከፈትለታል። ታዲያ ቅድም ምን ጎድሎት ነበር? ጉልበት አልጎደለውም፤ ማሽኑን ማጥፋት፣ ዲስኩን መንቀል ይችል ነበር። የጎደለው እዚያ ቤት የሚታወቅ ስም ነው። ይህን ስህተት ለመፍታት የሚነሳ ሰው ብዙ ሰዓት የሚያባክነው «ምን ተከለከልኩ?» እያለ ነው፤ ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት «ማን ሆኜ ተገኘሁ?» ነበር።

እዚህ ላይ ክላስተሩ የመጣው ሩት መሆኑን በምን አወቀ ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ ትክክል ነው። አላወቀም። ነገሩት፣ አመነ። የተለየ ማስተካከያ ካልተደረገለት ሃዱፕ የደንበኛው ማሽን «እገሌ ነኝ» ያለውን ይቀበላል። ሃዱፕ ዩዘር ኔም የምትባል አንዲት ቫሪያብል አለች፤ እሷ ላይ የፈለገውን ስም የጻፈ ሁሉ፣ ለክላስተሩ ያ ስም ነው። ስለዚህ ያ በቁጣ የተመለሰ ሩት ከራሱ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ኤችዲኤፍኤስ ነኝ ቢል እሰየው ተብሎ ይገባል፤ ተለማማጁም እንዲሁ። ሕጉ በምን ላይ እንደሚፈቀድ ሲናገር ፊደል በፊደል ጥብቅ ነው፤ ለማን እንደሚፈቀድ ሲጣራ ግን የሰማውን ያምናል። ይህን ያዩ ብዙዎች «ታዲያ ፈቃድ የሚባለው ነገር ፌዝ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እንዲህ ያለው አጥር ክፉን ሰው አያቆምም፤ ደግ ሰው በስህተት የሌላውን ማህደር እንዳይደመስስ ግን ያቆማል። በሥራ ቦታ ከሚጠፋው መረጃ ስንቱ በተንኮል፣ ስንቱ በእንቅልፍ እጥረት እንደሚጠፋ በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ያውቀዋል።

ስምን ማረጋገጥ የተጀመረው ኬርቤሮስ ሲገባ ነው። ኬርቤሮስ በ1980ዎቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ የአቴና ፕሮጀክት ውስጥ የተወለደ ሥርዓት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ የግሪክ ተረት ውሻ ነው። ወደ ሃዱፕ ያስገቡት በ2010 ገደማ የያሁ መሐንዲሶች ናቸው። ኬርቤሮስ በሚሠራበት ክላስተር ላይ ስም መናገር አይበቃም፤ ስሙን የሚመሰክር ቲኬት ማቅረብ ያስፈልጋል። ቲኬቱ ደግሞ ዕድሜ አለው፤ በተለመደው አሠራር 24 ሰዓት ነው።

የቲኬቱ ነገር ከቴክኒክ ጉዳይነት ያለፈ ይመስለኛል። አንድ ፕሮግራም ትናንት ሠርቶ ዛሬ «አላውቅህም» ይባላል። ኮዱ አልተነካም፣ ማህደሩ አልተዛወረም፣ መብቱ አልተቀየረም። ባለሙያው ምን እንደተለወጠ ሲፈልግ ይውላል፤ የተለወጠው ግን ቀኑ ነው። ረጅም ሥራዎች በሰውየው ስም እንዲቀጥሉ የሚሰጣቸው የውክልና ቶከን አለ፤ እሱም በነባሪው ቢታደስ ቢታደስ ከ7 ቀን አያልፍም። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ያለ እንከን የሮጠ ሥራ በስምንተኛው ቀን ይወድቃል። ከዚህ የሚብስም አለ፦ የደንበኛው ሰዓትና የጠባቂው ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያዩ፣ ኬርቤሮስ ትክክለኛውን ሰው ከትክክለኛ ቲኬቱ ጋር ይመልሰዋል። ማንነት እዚህ ቤት በሰዓት የሚለካ ነገር ነው። እኛ ሰዎች ራሳችንን ትናንት የነበርነው እኛው ነን ብለን እናምናለን፤ ማስረጃ አምጡ ብንባል ግን የምናቀርበው ሌላው ሰው ስለኛ የያዘውን ትዝታ ነው፤ ያ ትዝታ ደግሞ ማብቂያ ቀኑ አልተጻፈበትም። ማሽኑ ጽፎበታል። ከኛ የበለጠ ጨካኝ ነው ልል አልችልም፤ ቢያንስ ቀኑን ቀድሞ ይናገራል።

የቡድን ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከዩኒክስ የተወረሰው የፈቃድ ሥርዓት የሰውን ልጅ በሦስት ይከፍለዋል፦ ባለቤት፣ የባለቤቱ ወገን፣ የቀረው ዓለም። በቤል ላብራቶሪ ለአንድ ማሽን ተጠቃሚዎች የታሰበው ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያስተናግዱ ክላስተሮችን ይገዛል። ታዲያ አንዲት የመረጃ ተንታኝ «ፋይናንስ» የሚባለው ቡድን ውስጥ ገብታለች እንበል። በራሷ ማሽን ላይ አይዲ በሚለው ትእዛዝ ስትጠይቅ ስሟ ከቡድኑ ጋር ይወጣል። ወደ ክላስተሩ ስትሄድ ግን የፋይናንስን ማህደር መክፈት አልቻለችም። ምክንያቱም ኤችዲኤፍኤስ የቡድን አባልነትን የሚጠይቀው ከእሷ ማሽን አይደለም፤ ኔምኖዱ ራሱ ከሚያየው መዝገብ ነው። የእድር አባል የሆነ ሰው ይህ አይገርመውም። መዋጮውን መክፈሉን እሱም ጎረቤቱም ያውቃሉ፤ ድንኳኑና ወንበሩ የሚወጣው ግን ስሙ በጸሐፊው መዝገብ ላይ ሲገኝ ነው።

ስሟ ኔምኖዱ ወደሚያየው መዝገብ ከገባ በኋላም አንድ ወጥመድ ይቀራል። ኔምኖዱ አንዴ የጠየቀውን የቡድን ዝርዝር በነባሪው ለ5 ደቂቃ ይዞ ይቆያል። በነዚያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ የሚሆነውን ልብ በሉ። አስተዳዳሪው ስሟን አስገባ፤ «ሞክሪ» አላት፤ ሞከረች፣ እንደገና ተከለከለች። አስተዳዳሪው ያደረገው ነገር ልክ አልነበረም ብሎ አሰበና የማህደሩን ቡድን ቀየረው። አሁንም ተከለከለች። ባለቤቱን ቀየረው። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ ይኼኔ ተከፈተ። የመጀመሪያው እርምጃው ትክክል ነበር፤ የጎደለው ትዕግሥት፣ ወይም ዝርዝሩን ወዲያው የምታድስ አንዲት ትእዛዝ ነበረች። ከዚያ በኋላ ማህደሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። በየክላስተሩ የምናያቸው ግራ የሚያጋቡ ፈቃዶች ከእንዲህ ያሉ አምስት ደቂቃዎች የተወለዱ ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሦስቱ ወገኖች በተራ የሚታዩበት ደንብም ጉድ አለው። የመጣው ባለቤቱ ከሆነ የሚታየው የባለቤት መብት ብቻ ነው፤ ሥርዓቱ ወደ ቡድኑና ወደ ሌላው አይወርድም። ስለዚህ ባለቤቱን ከልክሎ እንግዳውን የሚያስገባ ማህደር መሥራት ይቻላል። እርግጥ ባለቤቱ መብቱን መልሶ ማስተካከል ይችላል፤ እስኪያስተካክል ድረስ ግን በገዛ ቤቱ ደጅ ላይ ይቆማል። ማጥፋትም እንዲሁ ነው። ፋይሉ የኔ ነው፣ እኔ ጽፌዋለሁ፤ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ግን ፋይሉ ላይ ያለው መብት ሳይሆን ፋይሉን የያዘው ማህደር ላይ ያለው መብት ነው። ማህደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው የኔን ፋይል ሳያነበው ሊያጠፋው ይችላል። ለጋራ መጠቀሚያ የሚተወው /ቴምፕ ማህደር 1777 የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ያቺ የፊት 1 ሁሉም ይጻፍ፣ የሌላውን ግን አያጥፋ ትላለች።

አንዳንዴም ስህተቱ የሚጠራው ቦታ ሰውየው ሊሄድ ያሰበበት አይደለም። /ዩዘር/አልማዝ የሚል አዲስ ማህደር ሊፈጥር ፈልጎ ስህተቱ /ዩዘር ይላል። የከለከለው ወላጁ ነው፤ ልጁ ገና አልተወለደም። ወይም ደግሞ አራት ደረጃ ጥልቀት ያለው ፋይል ላይ ሙሉ መብት ኖሮት፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ የመግባት ፈቃድ ስለሌለው አይደርስበትም። መልእክቱ ያቆመውን ማህደር በስሙ ጠርቶ ይነግረዋል፤ ሰው ግን ዓይኑ የሚፈልገውን ፋይል ብቻ ስለሚያይ ይዘለዋል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ባለቤትነቱ ራሱ የት እንደሚቀመጥ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ክላስተሩ ሲገባ በነባሪው 128 ሜጋባይት እየሆነ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ቅጂ ኖሮት ዳታኖድ በሚባሉ የተለያዩ ማሽኖች ላይ ይበተናል። አንዱን ዳታኖድ ከፍተን ዲስኩን ብናይ የምናገኘው በረጅም ቁጥር የተሰየሙ ብሎኮችን ነው። የአልማዝ የሚል የለም፣ የፋይናንስ የሚል የለም፣ 755 የሚል የለም። በሊኑክስ ዓይን ሁሉም የአንድ ሰው ናቸው፤ የዳታኖዱ ፕሮግራም የሚሠራበት አካውንት ንብረት። ዳታኖዱ ተሸካሚ ነው፤ የማንን ሸክም እንደያዘ አያውቅም። የማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው በኔምኖዱ ማኅደረ ትውስታና እሱ በሚያስቀምጠው መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ያ መዝገብ ያለ ቅጂ ቢጠፋ፣ በዳታኖዶቹ ላይ አንዲት ባይት ሳትጎድል ሁሉም ነገር የማንም ያልሆነ ይሆናል። እንዲያውም ፋይል መሆኑ ራሱ ይቀራል።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1740 በወጣው የሰው ተፈጥሮ ሐተታው ሦስተኛ ክፍል፣ ንብረትነት በዕቃው ላይ የሚታይ ባሕርይ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። ማሳውን ብታገላብጠው የማን እንደሆነ የሚናገር አፈር አታገኝም፤ የኔና ያንተ የሚለው ሰዎች ተስማምተው የያዙት ግንኙነት ነው። የሂዩም ክርክር ከመጽሐፍ ሲነበብ ከረር ያለ ይመስላል። ዳታኖድ ዲስክ ላይ ግን በዓይን ይታያል፦ ነገሩ እዚህ፣ የማን እንደሆነ እዚያ። ይህ መለያየት አደጋም አለው። ዲስኩን ነቅሎ የሚወስድ ሰው ኔምኖዱን አይጠይቅም። ስለዚህ በ2014 ሃዱፕ ፋይሎችን መመሥጠር ጀመረ፤ ቁልፎቹን የሚይዝ ሌላ አገልግሎትም ተሠራ። በደንብ በተዘጋጀ ክላስተር ላይ ሁሉን የሚችለው ኤችዲኤፍኤስ የተባለው ተጠቃሚ ራሱ ፋይሉን ማዛወርና ማጥፋት ይችላል፣ ይዘቱን ግን መፍታት እንዳይችል ይከለከላል። ጠባቂው ያልተነበበ ደብዳቤ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ይህን ውሳኔ ከቴክኖሎጂው ሁሉ ይበልጥ የበሰለ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በሌላ ስም የመሥራት ጉዳይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ተንታኟ ጥያቄዋን ሃይቭ በሚባለው የመረጃ መጠየቂያ ፕሮግራም በኩል ትልካለች፤ የሚመለሰው ስህተት ግን «ዩዘር ሃይቭ» ይላል። እሷ የት ሄደች? ሃይቭ በመካከል ቆሞ ወይ በራሱ ስም ይሠራል፣ ወይ በእሷ ስም እንደራሴ ሆኖ ይሠራል፤ ይህን የሚወስን ማስተካከያ አለ። በራሱ ስም ከሠራ ማን ምን እንዳነበበ በኔምኖዱ የኦዲት ሎግ ላይ ሁሉም «ሃይቭ» ይሆናል፤ የሰዎቹ ዱካ ይጠፋል። በእሷ ስም እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ ኔምኖዱ ላይ አስቀድሞ፣ ሃይቭ ከየትኞቹ ማሽኖች ሆኖ የየትኞቹን ሰዎች ስም መያዝ እንደሚችል መጻፍ አለበት። የኮምፒውተር ባለሙያው ኖርም ሃርዲ በ1988 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ግራ ስለተጋባ ወኪል አስጠንቅቆ ነበር፦ የራሱ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም የሌላውን ትእዛዝ ሲፈጽም፣ የትኛው ሥልጣን የማን እንደሆነ ካልለየ፣ ደካማው በብርቱው እጅ የማይፈቀድለትን ይሠራል። የባለሥልጣን ጸሐፊ፣ የነጋዴ ደላላ፣ የባለርስት ጭፍራ ታሪክ ይኸው አይደለምን? እንደራሴው «በማን ስም?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ መከታተል ያደክማል፤ ስለዚህ አቋራጭ ይፈለጋል። አቋራጩ 777 ነው፤ ለሁሉም፣ ሁሉንም። ወይም ደግሞ የፈቃድ ምርመራውን ከነጭራሹ ማጥፋት፤ ለዚያም አንድ መስመር ማስተካከያ አለ። ስህተቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሁሉም አመሰግናለሁ ይላል። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ግን በ1975 ባሳተሙት ጥናት ላይ ነባሩ ሁኔታ መከልከል ይሁን፣ ምክንያት የሚጠየቅበት መፍቀዱ ይሁን ብለው ነበር። ያኔ የኛን ዘመን ክላስተር አላዩም፤ ሐሳባቸው ግን ያረጀ አይመስለኝም። በ2017 መጀመሪያ ላይ ያለ ማረጋገጫ ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው የተገኙ የሃዱፕ ክላስተሮች መረጃቸው ተጠርጎ ነበር። አጥቂዎቹ ሰብረው አልገቡም፤ በሩ «ማን ነህ?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

በዚህ ሁሉ መሐል ከማሽኑ ይልቅ እኛን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። ኤችዲኤፍኤስ የተጠቃሚዎች መዝገብ የለውም። ሰው አይፈጥርም፣ ሰው አይሰርዝም። ባለቤት ብሎ የሚይዘው ተራ ስም ነው፤ ያ ስም ያለው ሰው በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አይመረምርም። የሌለ ሰው ስም ቢሰጡት ይቀበላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን የለቀቀ ሰው ማህደሮቹ በስሙ ይቀራሉ፤ ሌሎች ሲጠይቁ ስህተቱ የዚያን ሰው ስም እየጠራ ይመልሳቸዋል። አለፍ ሲልም ሞክሼ ይመጣል። ብዙ ቦታ የአካውንት ስም የሚሠራው የራስን ስም መነሻ ፊደልና የአባትን ስም በማጣመር ነው። በዚህ ደንብ አበበ ከበደም፣ አልማዝ ከበደም፣ አስቴር ከበደም አንድ ይሆናሉ። አበበ ለቆ ሄዶ ስሙ ከተሰረዘ በኋላ አስቴር ብትቀጠር፣ ክላስተሩ እንኳን ደህና ተመለስክ ብሎ የአበበን ማህደር ሁሉ ያስረክባታል። አልሰረቀችም፤ ማንም አልሰጣትም።

ክላስተር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ አንድ ልመና አለኝ። መልእክቱ ማን እንደተከለከለ፣ ምን እንደተከለከለ፣ የት እንደተከለከለ ይናገራል፤ ማንን ሄዶ መጠየቅ እንደሚገባ ግን አይናገርም፤ የሚጠራው ባለቤት ወይ የፕሮግራም አካውንት ነው፣ ወይ የሄደ ሰው። ያንን ክፍተት መሙላት የናንተ ድርሻ ነው። የማህደሮቻችሁን ባለቤቶች ዝርዝር አውጥታችሁ ከሠራተኞች ዝርዝር ጋር አስተያዩት። የለቀቀውን ሰው ማህደር ለሚረከበው ሰው ወይም ክፍል አስረክቡ፤ የለቀቀውንም ስም ለሌላ አትስጡ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ማህደር አጠገብ ደግሞ ሊጠየቅ የሚችል፣ በሕይወት ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ስም ይኑር።